ቤቱ በእኔ ስም፣ ሚኒባሱ በእሱ ስም፣ ቦታው በወንድሙ ስም፦ በፍቺ ጊዜ ንብረቱ እንዴት ይከፈላል?

የአራብሳዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴና እኔ በ2006 ዓ.ም. በሰማንያ የተጋባን ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን። አሁን ለመፋታት ወስነናል። በመፋታቱ ላይ ክርክር የለንም፤ ያልተስማማነው በንብረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ምክራችሁ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ በሚለው ላይ ሳይሆን ለማን ምን ይገባል በሚለው ላይ ብቻ እንዲሆን እለምናለሁ።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገና ሳላገባ በስሜ ተመዝግቤ፣ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባዬን አድሼ በንግድ ባንክ መቆጠብ ጀመርኩ። ዕጣው የወጣልኝ ግን ከተጋባን በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ቅድመ ክፍያው ከእኔ ቁጠባ፣ ከእሱ ገቢና ሁለታችንም ከምንጥለው እቁብ ተውጣጥቶ ተከፈለ። የባንኩ ብድር በስሜ ሲሆን እስከ ዛሬ በየወሩ እየተከፈለ ነው። ቤቱን ስንረከበው ወለሉም፣ የውስጥ በሩም አልተሠራም ነበር፤ ያን ያስጨረስኩት አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ ትተውት ካለፉት ቤት ሽያጭ በደረሰኝ 180,000 ብር ነው።

ባለቤቴ ከአራብሳ መገናኛ የሚሠራ ሚኒባስ አለው። የተገዛው በ2011 ዓ.ም. ነው፣ ሊብሬው በእሱ ስም ነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። በተጨማሪም በ2010 ዓ.ም. ወደ ለገ ጣፎ አቅጣጫ ከአንድ ገበሬ ላይ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ አለን፤ ውሉ የተጻፈው በባለቤቴ ወንድም ስም ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤትም ተሠርቶበታል።

ባለቤቴ የሚለው እንዲህ ነው፦ «ቤቱ ከእኔ ጋር ሳንተዋወቅ የተመዘገብሽበት ስለሆነ ውሰጂው፤ መኪናውና ቦታው ግን የእኔ ነው፤ ለጓደኛዬ ያለብኝን 300,000 ብር ዕዳም እኩል እንከፍላለን።» ይህን ዕዳ እኔ ሰምቼው አላውቅም። ዘመዶቼ «በስሙ ያለው የእሱ ነው፣ ተይው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለዓመታት ምድጃ ላይ የቆምኩበት ገንዘብ በዚያ መኪና ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። የተበደልኩ መስሎ ይሰማኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ ፈላጊ፦

እህቴ፣ ቤቱ ከጋብቻ በፊት በስምሽ የተመዘገበ ከሆነ ያለ ጥርጥር የግልሽ ነው። መኪናውን ደግሞ ተካፈሊ። ብዙ አትጨነቂ።

የሕግ ባለሙያ ከየካ፦

ከላይ የተሰጠው መልስ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ፣ ጠያቂዋ በዚያ ተማምነው ፍርድ ቤት ከመግባታቸው በፊት ሊታረም ይገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአንቀጽ 57 መሠረት የግል ንብረት የሚባለው ተጋቢው በጋብቻው ቀን በእጁ የነበረው፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለብቻው ያገኘው ነው። እርስዎ በጋብቻው ቀን የነበረዎት ቤት አልነበረም፤ የነበረዎት የመመዝገቢያ ቁጥርና ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። ቤቱ የተገኘው በጋብቻ ውስጥ፣ ዋጋ ተከፍሎበት ነው። በአንቀጽ 62 መሠረት የሁለቱም የጉልበት ገቢ፣ ከጋራም ሆነ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢና በጋብቻ ጊዜ በዋጋ የተገኘ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ ያ ሰው የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ይህ ድንጋጌ መኪናውን ከ«የእኔ ነው» ክርክር እንደሚያወጣው ሁሉ ቤቱንም ያወጣዋል። ባለቤትዎ በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ይዞ መከራከር ካልቻለ፣ እርስዎም በኮንዶሚኒየሙ ውል ላይ ያለውን ስም ይዘው መከራከር አይችሉም።

ያም ሆኖ ከጋብቻ በፊት ያጠራቀሙት ቁጠባና ከአባትዎ ያገኙት ገንዘብ ዝም ተብሎ አይዋጥም። በግል ገንዘብ የተገዛ ነገር የግል እንዲባል የሚፈልግ ሰው በአንቀጽ 58 መሠረት ፍርድ ቤት እንዲወስንለት መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው ካልቀረበ ንብረቱ በራሱ የግል አይሆንም። የግል ንብረት ተሸጦ ዋጋው ከጋራው ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 86 መሠረት ክፍፍሉ ከመደረጉ በፊት የዚያን ያህል ገንዘብ አስቀድሞ የማውጣት መብት አለ። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑን ቤት የሽያጭ ውል፣ የወራሽነት ማስረጃውንና ገንዘቡ ገቢና ወጪ የሆነበትን የባንክ ሰነድ ይፈልጉ። የወለልና የበር ሠራተኞች የፈረሙት ወረቀት ካለ እሱንም ይያዙ። የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጋራው ዕዳ ይከፈላል፣ ቀሪው በአንቀጽ 90 መሠረት እኩል ይከፈላል።

ከጀሞ የተፋታ፦

የሕግ ባለሙያው የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም በራሴ ጉዳይ ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚያወራው «እኩል ይከፈላል» ስለሚለው ነው፤ ያ ግን የክርክሩ ቀላሉ ክፍል ነው። የእኛ መዝገብ የዘገየው በመቶኛው ላይ ተከራክረን ሳይሆን የቤቱን ግምት ማን ያውጣ፣ በየትኛው ጊዜ ዋጋ ይገመት በሚለው ላይ ነው። በዚህ የዋጋ ንረት ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ግምት ዛሬ ለአንደኛው ወገን ስጦታ፣ ለሌላው ዘረፋ ይሆናል። ግምቱ ካረጀ አዲስ ግምት ይጠይቁ።

ሒሳብ ሠሪ፦

ጠያቂዋ «የተበደልኩ መስሎ ይሰማኛል» ብለዋል። ስሜቱን በቁጥር ብናየው ምን ይመስላል በማለት፣ እውነተኛው ዋጋ በባለሙያ እስኪገመት ድረስ ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እናስብ።

ቤቱ 3,200,000 ብር ቢገመት፣ የቀረው የባንክ ብድር 240,000 ብር ቢሆን፣ ልዩነቱ 2,960,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የአባትዎ ውርስ የሆነው 180,000 ብር በማስረጃ ተረጋግጦ ቢወጣልዎ የጋራ የሚሆነው 2,780,000 ብር ነው፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 1,390,000 ብር ይሆናል። ሚኒባሱ 1,400,000 ብር ቢገመት የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 700,000 ብር ነው። እርስዎ ቤቱን ከነብድሩ፣ እሱ ሚኒባሱን ቢወስድ፣ እርስዎ ለእሱ 1,390,000 ብር፣ እሱ ለእርስዎ 700,000 ብር ይፈላለጋሉ። ሲቻቻል እርስዎ ለባለቤትዎ 690,000 ብር ይጨምራሉ ማለት ነው።

በመንደር ውል የተያዘውን ቦታና የተባለውን ዕዳ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የእነሱ ነገር ገና አልለየም። ነገር ግን ይህን ሒሳብ ከተመለከትን ባለቤትዎ ያቀረበው ሐሳብ፣ ከዕዳው በስተቀር፣ ሕጉ ከሚሰጥዎ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በስም መከፋፈሉ ልክ ስላልሆነ ብቻ ውጤቱ እርስዎን ይጎዳል ማለት አይደለም።

ደግሞም እቁቡን አልነገሩንም። አሁን የሚጣል እቁብ አለ? ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም?

የአራብሳዋ እናት፦

እንዲህ ይሆናል ብዬ ጨርሶ አልጠበቅኩም። ስለ እቁቡ፦ ባለቤቴ በሹፌሮች እቁብ ውስጥ አለ፤ ባለፈው ዓመት 200,000 ብር ደርሶት የሚኒባሱን ሞተር አስወርዶ አሠራበት። ገና 80,000 ብር የሚጣል ቀርቶታል። እኔ በሠፈር እቁብ ነበርኩ፤ ጨርሻለሁ።

ሒሳብ ሠሪ፦

የደረሰው ገንዘብ ሞተሩ ላይ ውሎ ከሆነ በመኪናው ግምት ውስጥ አለ፤ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የቀረው 80,000 ብር ግን ለጋራ ንብረት የተገባ ዕዳ ስለሆነ በእኔ አመለካከት ሁለታችሁንም ይመለከታል። እሱ መጣሉን ከቀጠለ 40,000 ብሩ በእርስዎ በኩል ይጨመራል፤ ከላይ ያልኩት 690,000 ብር 730,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። የእቁቡ ጸሐፊ የተጣለውንና የቀረውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ የእቁብ ሒሳብ ፍርድ ቤት ሲደርስ መልኩ ይለወጣል።

አሻግሬ ተመልካች፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታይ እንዴት እኩል ይባላል? ሰውየው ትዳሩን ያፈረሰ ከሆነ ቅጣት የለውም?

የሕግ ባለሙያ ከየካ፦

ጠያቂዋ ይህ እንዳይነሳ ለምነዋል፣ እኔም ወደ እነሱ ጓዳ አልገባም። ለጠቅላላ ግንዛቤ ያህል ግን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለፍቺው ምክንያት የሆነውን ተጋቢ በንብረት ድርሻው መቅጣትን ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ያን ትቶ ክፍፍሉን እኩል አድርጎታል። ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ለተጎዳው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ የሚችልበት አንቀጽ 84 አለ፤ እሱ ግን ከክፍፍሉ የተለየ ጥያቄ ነው።

ከጣፎ ማዶ፦

ስለ ቦታው የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ከአራብሳ ጀርባ ባለው አካባቢ የዚህ ዓይነት ነገር በየቤቱ አለና።

በመጀመሪያ ደረጃ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ለእናንተ የሸጠው ነገር በሕግ ዓይን የሚሸጥ አልነበረም። በዚህ ላይ ውሉ የተጻፈው በወንድሙ ስም ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት ገብተሽ «ቦታው ይከፈልልኝ» ብትይ ፍርድ ቤቱ የይዞታ ማስረጃ ከሚመለከተው የመሬት አስተዳደር ይጠይቃል፤ ከዚያ «በሕጋዊ መንገድ የተያዘ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ በባዶ እጅሽ ትወጫለሽ፤ ይባስ ብሎም ቤቱን ለማፍረስ ያላሰበውን ሰው ታስታውሺዋለሽ። በ2011 ዓ.ም. ለገ ጣፎ ለገዳዲ ላይ ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱትን ቤቶች የማያስታውስ የዚህ አካባቢ ነዋሪ የለም።

ሁለተኛ፣ ቦታው ያለው ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው፣ ማለትም ኦሮሚያ ውስጥ ከሆነ፣ የአስተዳደሩም የፍርድ ቤቱም መንገድ ይለያል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው በእግር ተሻግሮ የሚገባ ሰው ይህን ድንበር አያየውም፤ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ግን ያየዋል።

እኔ ብሆን ቦታውን ዋጋ አለው ብዬ በሒሳቡ ውስጥ አላስገባውም ነበር። የማይቆጠር ንብረት ነው። ይውሰደው።

ከጀሞ የተፋታ፦

እዚህ ላይ በከፊል አልስማማም። ቦታው በሕግ ባይቆጠርም ገንዘቡ ከጋራ ኪስ ወጥቷል፣ ክፍሎቹም ተከራይተው ከሆነ ኪራይ ያስገባሉ። እኔ የማውቀው ሰው ቦታውን ራሱን ሳይሆን የተከፈለበትን ገንዘብና ለግንባታ የዋለውን ወጪ ነበር ለድርድር ያቀረበው። ፍርድ ቤት ቢሆን ምን እንደሚባል ባለሙያው ይናገሩ፤ በሽማግሌ ፊት ግን ሠርቶለታል።

የሠፈር ሽማግሌ፦

ልጄ፣ ብዙ ባልና ሚስት በእኔ ፊት ተስማምተዋል፤ በእኔ ፊት ተስማምተው ሲወጡ የተካካዱም አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛው፣ እኛ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ «ሴትየዋ ልጆች ስላሏት ቤቱ ለእሷ፣ ወንድየው ሠርቶ ይበላልና መኪናው ለእሱ» ብለን እንፈርዳለን። ይህ ለብዙዎች ጥሩ ሆኖ ሳለ የማይሆንባቸውም አሉ፤ ቤቱ ዕዳ ያለበት፣ መኪናው ደግሞ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገባ ሲሆን ሴትየዋ ጣሪያ ይዛ የወር ወጪ ታጣለች። በእርስዎ በኩል የእንጀራው ሥራ ብድሩንና ኑሮውን ይችላል ወይስ አይችልም? ከቤቱ ዋጋ በፊት የሚመለስ ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ የሽማግሌ ስምምነት በቃል ቀርቶ መገኘት የለበትም። ዝርዝሩ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፍቺውንም የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ «ሽማግሌ አፋቶናል» ብላችሁ ለየብቻ መኖር ከጀመራችሁ በሕግ ገና ባልና ሚስት ናችሁ፤ በዚያ መሐል የሚገዛው ነገር ሁሉ ነገ ሌላ ጭቅጭቅ ይወልዳል።

የአራብሳዋ እናት፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንጀራው ሥራ የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ ይችላል፤ 700,000 ብር ለእሱ ለመጨመር ግን ከየትም አላመጣም። ስለዚህ ጥያቄዬን ልለውጥ። የሒሳብ ባለሙያው እንዳሉት የእሱን ሐሳብ ብቀበል፣ ማለትም ቤቱ ከነብድሩ ለእኔ፣ መኪናው፣ ቦታውና የእቁቡ ቀሪ ለእሱ ቢሆን፣ ፍርድ ቤቱ «ይህ እኩል አይደለም» ብሎ ሊያፈርሰው ይችላል? የጓደኛውስ 300,000 ብር?

የሕግ ባለሙያ ከየካ፦

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

የአንቀጽ 90 እኩል ክፍፍል የሚሠራው ተጋቢዎቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ ነው። በስምምነት ስትፋቱ የፍቺውን ስምምነትና የውጤቱን ስምምነት አንድ ላይ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። በአንቀጽ 80 መሠረት ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ስምምነቱ የሁለታችሁ እውነተኛ ፈቃድ መሆኑን፣ ከሕግና ከሞራል ጋር አለመቃረኑን፣ የልጆቹን ደኅንነትና የአንደኛውን ተጋቢ ጥቅም በበቂ ሁኔታ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። ጉድለት ካየ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን የሚያርም ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ባለቤትዎ የቤቱን ግምት ሳያውቅ የፈረመ እንዳይመስል፣ ሁለታችሁም ግምቱን አይታችሁ፣ በስምምነቱ ውስጥ «የቤቱ ግምት ይህን ያህል፣ የመኪናው ግምት ይህን ያህል መሆኑን አውቀን፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር የሚኖሩ መሆኑን ከግምት አስገብተን» የሚል ሐረግ እንዲገባ እመክራለሁ። ዛሬ ያልተነገረው ግምት ነገ «ተታልያለሁ» የሚል አቤቱታ ሆኖ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር፣ በእሱ በኩል ጠበቃ ብሆን ኖሮ ሳይገመት እንዳይፈርም እነግረው ነበር።

ዕዳውን በተመለከተ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ሁለታችሁንም ይይዛል፤ ለዚያ ያልዋለ የአንዱ ዕዳ በመጀመሪያ የሚከፈለው ከተበዳሪው የግል ንብረት ነው። ከዚህ ሌላ በአንቀጽ 68 መሠረት ከ100 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። መጠኑ ዛሬ ቀልድ ይመስላል፤ ድንጋጌው ግን አለ። አንዱ ያለ ሌላው ስምምነት የገባውን ግዴታ ሌላው ተጋቢ እንዲፈርስለት በአንቀጽ 69 ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግዴታው ከተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ዝም ብለው አይጠብቁ። ገንዘቡ መቼ ተወሰደ፣ በባንክ ነው በእጅ፣ ለምን ዋለ፣ የሚለውን በጽሑፍ ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ስምምነቱ ላይ «ከተዘረዘሩት ውጭ ማናቸውም ዕዳ የተበዳሪው ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህ በእናንተ መካከል ይሠራል፤ አበዳሪውን ግን በራሱ አያስርም።

ስለ ቦታው «ከጣፎ ማዶ» ያሉትን እደግፋለሁ። ስምምነቱ ውስጥ መሬቱን እንደ ሀብት ጽፋችሁ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው አትጠይቁ። ከእሱ ጋር በተያያዘ እርስዎ የሚጠይቁት ነገር እንደሌለ በራሳችሁ መካከል መተማመን ይበቃል።

መልስ ፈላጊ፦

ከዚህ በፊት የሰጠሁትን አስተያየት ትታችሁ የባለሙያውን ተከተሉ። ግን እስኪፋቱ ድረስ መኪናውን ሸጦ ቢሰወርስ?

የሕግ ባለሙያ ከየካ፦

የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ንብረት የማሸሽ ስጋት ካለ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት እግድ ይጠየቃል። የእግዱ ደብዳቤ ለመኪናው ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ለቤቱ ወደ ክፍለ ከተማው ይሄዳል። ነገር ግን በስምምነት ላይ ያለ ሰው እግድ ሲደርሰው ስምምነቱን ያፈርሳል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ምልክት ሲታይ እንጂ ለክፉም ለደጉም ተብሎ አይደለም። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሒሳብ ሠሪ፦

ባንኩን እንዳትረሱት። ቤቱ በብድሩ ተይዟል። ባለቤትዎ ድርሻውን ለእርስዎ መልቀቁ በፍርድ ቤት ቢጸድቅም የስምና የውል ማስተካከያው ባንኩ ሳያውቅ አይጠናቀቅም። የቀረውን ዕዳ በጽሑፍ አስቀድመው ይውሰዱ፤ እኔ 240,000 ያልኩት በምሳሌነት ነው።

የአራብሳዋ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ቁጥሮቹን አሳየሁት። ስለ ዕዳው ስጠይቀው ከ300,000 ብሩ ውስጥ ለመኪናው ጎማ የዋለው 60,000 ብር መሆኑን፣ ቀሪው ከወንድሙ ጋር የገባበት ንግድ መሆኑን ተናገረ። ጎማው የመኪናው ስለሆነ ከመኪናው ጋር ይሂድ ብለናል። ቤቱንና መኪናውን ባለሙያ እንዲገምታቸው ተስማምተናል፤ የግምቱን ክፍያ እኩል እንችላለን። አንዲት ትንሽ ነገር ቀረችኝ፦ የሠፈር እድሩ በእሱ ስም ነው፣ እኔ እዚሁ ብሎክ እቀራለሁ። ምን ይደረጋል?

የሠፈር ሽማግሌ፦

እድሩ እንደ ቤት አይከፈልም። የየእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ግን ሠፈሩ ውስጥ የሚቀረው ወገን አባልነቱን ይዞ ይቀጥላል፣ የሚሄደው በሚሄድበት ሠፈር ይመዘገባል። ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር ቀርቦ ለጸሐፊው ይናገር፤ ወርኃዊ መዋጮው ያልተከፈለበት ወር ካለ ከመለያየታችሁ በፊት ተከፍሎ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይቆረጥ።